የሴቶቹም ልብ ይለካ

ኮይቩላህቲ፣ ሰሜን ካሬሊያ፣ ፊንላንድ
የካቲት 11 ቀን 1973 እ.ኤ.አ.

ለውድ የእህቴ ልጅ ለራይሊ፣

ከበረዶው አገር የተነሣ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ስዊድን ድረስ ይምጣልሽ። አንቺ፣ ባልሽ ሬይኖ፣ ልጃችሁ ሲርካ እንደምን ከርማችኋል? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ፤ ላሞቼም ደህና ናቸው፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። ከገና ወዲህ ደብዳቤሽን አላየሁም። ጎተንበርግ ቀለም አልቆ ነው ወይስ አክስትሽን ረስተሽ?

የጠየቅሽኝን ቅቤና በጨው የታሸ የአሳማ ሥጋ ወደዚያ በሚመለሰው የጎረቤታችን ልጅ እጅ ልኬልሻለሁ። ቅቤው የራሴ ነው፤ ከሱቅ እንዳይመስልሽ።

ወሬ ካልሽ ደግ ወሬ የለኝም። ኤይናሪን ቀበርነው። ታስታውሺዋለሽ? ትምህርት ቤት ስትሄዱ በበረዶ መንሸራተቻው ፊት ፊት እየሄደ መንገድ ይከፍትላችሁ የነበረው። ጫካ ውስጥ ዛፍ ሲቆርጥ መጋዙን አስቀመጠና ግንድ ላይ አረፍ አለ፣ በዚያው ቀረ። አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር። የቀብሩን ምግብ እንደ ወትሮው እኔ ሠራሁ። የባሌን የታኡኖንም ቀብር ምግብ የሠራሁት ራሴ ነበርኩ፤ በዚህ መንደር ከእኔ ሌላ ያን ያህል ድስት ያለው የለም።

ደግሞ ሌላ ጉድ መጥቶብናል። ከከተማ የጤና ሰዎች መጥተው ትምህርት ቤቱ ውስጥ የወንዶቹን ክንድ በጨርቅ እየጠመጠሙ ደም ግፊት ይለካሉ። አንድ ጢሙ ገና ያልጠና ዶክተር እኛን ሴቶቹን ሰብስቦ፣ «ወይዘሮ ሳይሚ፣ ዳቦዎ ላይ ምን ያህል ቅቤ ይቀባሉ?» አለኝ።

«ስገምጠው የጥርሴ ምልክት እስኪቀርበት» አልኩት።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። «ባሎቻችሁን የሚገድላቸው ይኸው ነው። ቅቤው፣ ጨውና ሲጋራው።»

«ልጄ» አልኩት፣ «የእኔ ቅቤ በአውራጃው ትርኢት አንደኛ ወጥቷል። አንተስ የት ትርኢት ላይ ወጥተህ ታውቃለህ?» ብዬው ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ።

ፎቶግራፋችሁን ላኪልኝ። አምላክ በሄዳችሁበት ሁሉ ጥላ ይሁናችሁ።

አክስትሽ ሳይሚ


ጎተንበርግ፣ መጋቢት 25 ቀን 1973

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ሳይሚ፣

ጤናዎ ይብዛ፣ ቤትዎ ይሙቅ እያልኩ ከሩቅ እጅ እነሣለሁ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ሬይኖ መርከብ ፋብሪካው ውስጥ ብየዳውን እንደያዘ ነው። ሲርካ በቁመት ከእኔ በልጣ ቁልቁል ታየኛለች። እኔም ያው ልብስ ስፌቱ ላይ ነኝ፤ የሠራተኛ ቱታ እንሰፋለን። የኤይናሪን ነገር ሳነብ አለቀስኩ። ነፍሱን በገነት ያኑርልን።

ቅቤው ሲመጣ ቤቱ ሁሉ ኮይቩላህቲ ኮይቩላህቲ ሸተተኝ። ሥጋውን ግን ለሬይኖ ተውኩለት። በቅርቡ ሆዴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሲቀርበኝ ያቅለሸልሸኛል። ስለዚህ ሁለተኛ እንዳይልኩልኝ። ዶክተሩን ግን ጥሩ አድርገው ነው የሸኙት! ለሥራ ባልደረቦቼ ነግሬያቸው በሳቅ ሞቱ።

ከመርሳቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እናቴ የሞተችው በምን ነበር? ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ማንም በደንብ አልነገረኝም። እንዲሁ ነው የጠየቅሁት፣ ሌላ ነገር የለም።

ፎቶግራፉን ልኬያለሁ። የከሳሁ ብመስል ብርሃኑ ነው።

የእህትዎ ልጅ ራይሊ


ኮይቩላህቲ፣ ግንቦት 20 ቀን 1973

ለውድ ልጄ ለራይሊ፣

በረዶው ቀልጦ ሐይቁ ተከፍቷል፤ የአንቺም ቀን እንደዚሁ ይከፈት። መልሴ የዘገየው በሥራ ነው። ምን ሥራ በይኝ!

ከከተማ የመጣችው ነርስ፣ ኬርቱ ትባላለች፣ አንድ ቀን ብቻዋን ቤቴ መጣች። ስለ ቅቤ ትጀምራለች ብዬ አንገቴን አቅንቼ ጠበቅኋት። እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ «ወይዘሮ ሳይሚ፣ ይህን መንደር የሚያበላው ማነው?» አለችኝ።

«ሰርጉንም፣ ቀብሩንም፣ የመከሩንም ድግስ እኔ ነኝ» አልኳት።

«እንግዲያው ዶክተሩ ስለ ምግብ ሲያነሣ የእርስዎን ምክር መጠየቅ ነበረበት። እኔ ይኸው ልጠይቅዎ መጥቻለሁ። ጨውና ቅባቱ ቀንሶ፣ ግን ወንዶቹ ሳህኑን እስኪልሱት የሚጣፍጥ ወጥ ይወጣልዎታል?»

ይወጣልኛል ወይ? እኔ ሳይሚ? ኮራሁ፣ ራይሊ፣ አልዋሽሽም። ያን ሳምንት ከመንደራችን የሴቶች ማኅበር ጋር ወጥ ቤቴን እንደ ትምህርት ቤት ከፈትነው። ከሥጋው ግማሹን አውጥተን ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጎመን አስገባን። ስቡን ገፍፈን ጣልን። በጨው ፈንታ ሽንኩርትና የዱር ቅጠላ ቅጠል አበዛን፣ እሳቱንም አዘገየን። ለግንቦት በዓል ለመንደሩ ሁሉ አቀረብነው።

ሽማግሌው ቪልሆ ሳህኑን በሹካ ሲያገላብጥ ቆየና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሳይሚ፣ ይህን ያዘዘሽ ጥንቸል ነው እንዴ?» አለኝ።

«ጥንቸል በልብ ድካም ሲሞት አይተህ ታውቃለህ፣ ቪልሆ?»

አንዴ ቀመሰ። ከዚያ በላ። ከዚያ ደግሞ ጨመረ። ሚስቱ አሠራሩን እንዳሳያት ስትለምነኝ ጥግ ሆኖ ጆሮውን አቁሞ ነበር።

ስለ እናትሽ ጠየቅሽኝ። እህቴ ሄልሚ ደክሟት ነበር፣ በጦርነቱ ጊዜ ማን ያልደከመው አለ። ነፍሷ ትረፍ። አሁን ምን አስታወሰሽ?

በፎቶግራፉ ላይ ብርሃኑ ምንም አላደረገም። ከስተሻል።

አክስትሽ ሳይሚ


ጎተንበርግ፣ ሰኔ 24 ቀን 1973

ለእትዬ ሳይሚ፣

የእግዜር ሰላምታ ይድረስዎ። ዛሬ አላራዝምም።

እንዲሁ ነው ያልኩት ውሸቴን ነው። ከጥር ጀምሮ አንድ ነገር ይይዘኛል። የገበያ ዕቃ ይዤ ወደ ቤታችን ፎቅ ስወጣ መንጋጋዬን ይጠዘጥዘኛል። ከዚያ በትከሻዎቼ መካከል ጀርባዬ ላይ እንደ ድንጋይ ይጫነኛል፤ ላብ ያጠምቀኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። ደረጃው ላይ ቁጭ ስል ይተወኛል። ጎረቤት ሲያልፍ የጫማዬን ክር የማስር እመስላለሁ። ጥርስ ሐኪም ጋ ሄድኩ፣ ጥርስዎ ጤነኛ ነው አለኝ። የፋብሪካችን ዶክተር ደግሞ፣ «ነርቭ ነው፣ እመቤት፤ ሴቶች ወደዚህ ዕድሜ ሲቃረቡ ያጋጥማቸዋል» ብሎ የሚያረጋጋ ክኒን ሰጠኝ። ደረቴን ስለማያመኝ ልብ ይሆናል ብሎ ያሰበ የለም፤ እኔም አላሰብኩም። ልብ የወንዶች በሽታ አይደል?

ግን ክኒኑን እየዋጥኩም ይይዘኛል። ሬይኖ አያውቅም። ሲርካም አታውቅም።

ስለዚህ እንደገና እጠይቅዎታለሁ። ሥጋም ቅቤም አልፈልግም፤ የእናቴን ነገር ይጻፉልኝ።

ራይሊ


ኮይቩላህቲ፣ ሐምሌ 2 ቀን 1973

ራይሊ ልጄ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዛሬ ጠዋት ነው። ፖስተኛው ዙሩን ጨርሶ መጥቶ ሻይ እየጠጣ ይጠብቀኛል፤ ይህን ይዞ ይመለሳል። እግዚአብሔር እጁን ከላይሽ አያንሳ።

እናትሽ ሄልሚ በዚያ የመጨረሻ ክረምት መንጋጋዋን ያማት ነበር። ጥርስ መስሏት ጥርስ ነቃይ ጋ ሄደች፤ ሁለት ደህና ጥርሶቿን ነቀለላት። ሕመሙ ግን ቀጠለ። ልብስ ስታሰጣ መሀል ላይ ትቆማለች፤ «ምን ሆንሽ?» ስላት «ትንፋሼን ልሰብስብ» ትላለች። ሰዉ ሐዘን ነው አለ፣ ነርቭ ነው አለ፤ ባሏ ጦር ሜዳ ላይ ነበረና። ፀደይ ሲገባ ጋጣ ውስጥ ላም እያለበች ግንባሯን የላሟ ጎን ላይ አስደገፈች፣ በዚያው አረፈች። ባልዲው እንኳ አልተደፋም። አርባ ሦስት ዓመቷ ነበር። ያኔ ለበሽታዋ ስም የሰጠው የለም።

ደብዳቤሽን ይዤ ኬርቱ ጋ በብስክሌት ሄድኩ። ስታነበው ፊቷ ተለወጠ። «የሴት ልብ ሁልጊዜ ደረት ጨምድዶ አይጮህም» አለችኝ። «አንዳንዴ በመንጋጋ ይናገራል፣ አንዳንዴ በጀርባ፣ አንዳንዴ በድካምና በማቅለሽለሽ። ስትሠራ የሚይዝ፣ ስታርፍ የሚተው ሕመም ከሆነ ቀልድ አይደለም።» ከዚያ ጠየቀችኝ። ታጨሳለች? አዎ፣ ፋብሪካ ከገባች ጀምሮ። ስታረግዝ እግሯ አብጦ ነበር? አዎ፣ ሲርካን ስታረግዢ ግፊትሽ ከፍ ብሎ ሆስፒታል አስተኝተውሽ ነበር፤ እኔው ነበርኩ የጠየቅሁሽ። «ከዚያ በኋላ ለክተዋት ያውቃሉ?» አለችኝ። ይህን አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ። «ከወሊድ በኋላ ይጠፋል ተብሎ የተረሳ ግፊት ስንት ሴት ውስጥ ተቀምጦ ይሆን!» አለች።

አሁን ስሚኝ። ዶክተሩ ጋ ተመለሺ። «ደክሞኛል» አትበይው። «እናቴ በአርባ ሦስት ዓመቷ በድንገት ሞታለች፤ እኔ አጨሳለሁ፤ በእርግዝናዬ ጊዜ ግፊት ነበረብኝ፤ ደረጃ ስወጣ መንጋጋዬና ጀርባዬ ይያዛል፤ ልቤን መርምርልኝ» በይው። እስኪመረምርሽ ከወንበሩ አትነሺ። የሄልሚ ልጅ መሆንሽን አሳዪው። ለሬይኖም ዛሬውኑ ንገሪው።

ኬርቱ ስትሸኘኝ፣ «እርስዎስ ወይዘሮ ሳይሚ፣ መቼ ተለኩ?» አለችኝ። የወንዶቹን ጥሪ ወረቀት ቤት ለቤት ያደልኩት እኔ ነኝ። እኔን ማንም አልጠራኝም፤ እኔም ራሴን አልጠራሁም። እዚያው ክንዴን ዘረጋሁ። ከፍ ያለ ነው፣ ከቪልሆም ይበልጣል! ሳቅኩ፤ ከዚያ ግን ተናደድኩ። ነገ ማታ ሴቶቹን በሙሉ ትምህርት ቤት እጠራለሁ። በዚህ መንደር የሴቶቹም ልብ ይለካል።

ፖስተኛው ተነሥቷል። በርቺልኝ።

አክስትሽ ሳይሚ


ኮይቩላህቲ፣ መስከረም 3 ቀን 1973

ራይሊ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ ያለሽበትን ባላውቅም።

ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ። ፖስተኛው አሁን ከሩቅ ሲያየኝ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ድርቆሹን አስገብተናል። ሴቶቹ ተለክተዋል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግፊት እንዳለባቸው የሚያውቁት ነገር አልነበረም። እኔ ክኒኔን እየወሰድኩ ነው።

አንድ ቃል ጻፊልኝ። አንድ ብቻ።

ሳይሚ


ጎተንበርግ፣ ጥቅምት 7 ቀን 1973

ለውድ አክስቴ ለእትዬ ሳይሚ፣

በሕይወት አቆይቶ ይህን ለመጻፍ ያበቃኝ አምላክ ይመስገን። እርስዎንም ያቆይልኝ። በዝምታዬ ያስጨነቅሁዎትን ይቅር ይበሉኝ፤ ሲርካ ልጻፍ ስትል ከልክያት ነበር፣ በራሴ እጅ ጽፌ እንዲያዩት ብዬ።

ዶክተሩ ጋ ተመለስኩ። ሲያየኝ ፈገግ ብሎ፣ «ክኒኑ አለቀ?» አለኝ። እርስዎ የጻፉልኝን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ሰዓቱን አየ። «እመቤት፣ ውጭ ሰው ይጠብቃል» አለ። «እኔም ከጥር ጀምሮ እየጠበቅሁ ነው» አልኩት። ከወንበሩ አልተነሣሁም። በመጨረሻ እኔን ለመገላገል ሲል ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚልከኝን ወረቀት ጻፈ።

እዚያ አንዲት ሴት ዶክተር ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፋ እንደ ብስክሌት ያለ ነገር አስረገጠችኝ። ገና ከመጀመሬ የመንጋጋዬ ሕመም መጣ። መሣሪያው የሚያወጣውን ወረቀት ዓይኗን ሳታነሣ እያየች፣ «አቁሚ» አለችኝ። በቀስታ ነበር ያለችኝ፣ እኔም ያኔ ገባኝ። የልቤ ደም ሥር ጠብቧል። ግፊቴም ከሲርካ ጀምሮ ሳይወርድ ነው የኖረው። ወደ ቤት አልመለሱኝም፤ ብዙ ሳምንት ተኛሁ። ዶክተሯ ስትሸኘኝ፣ «እስከ ገና ብትቆዪ ኖሮ የምንገናኝ አይመስለኝም። ማን ነው የላከሽ?» አለችኝ።

«አክስቴ» አልኩ። «ሐኪም ናት?» አለች። «አይ፣ የመንደሩ ድግስ አለቃ ናት» አልኳት።

እትዬ፣ ክፍላችን ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ዘግይተው የመጡ ናቸው። አንዷን የሐሞት ጠጠር ነው ብለዋት ነበር፣ አንዷን ዕድሜ፣ አንዷን የባልሽ ጠብ ነው ብለዋት። የእርስዎን ደብዳቤዎች እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ጥንቸሉ ጋ ስደርስ ነርሶቹ ዝም በሉ ብለው ተቆጡን፤ ስቀን ስቀን።

ሲጋራውን ትቻለሁ። ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው፤ እጄ አሁንም ኪሴን ይፈልጋል። ሬይኖ ሲሰማ የራሱን ፓኮ መስኮት ከፍቶ ወረወረው፤ ከታች ያለው ጎረቤት ላይ አረፈ። ከምላስ ሥር የምትደረግ ክኒን በኪሴ ይዤ በየቀኑ እራመዳለሁ። የወጡን አሠራር ይላኩልኝ፤ ሲርካ ልትሠራው ትፈልጋለች። ለእሷም ሁሉንም ነግሬያታለሁ። የእናቴ ነገር ለእኔ ተደብቆ እንደቀረው ለእሷ አይደበቅባትም።

ዘወትር የምትወድዎ
ራይሊ


ኮይቩላህቲ፣ ጥር 13 ቀን 1974

ለኩሩዋ ልጄ ለራይሊ፣

አዲሱ ዓመት በደጅሽ ጤና ይዞ ይግባ። ደብዳቤሽን ለማኅበሩ ሴቶች አነበብኩላቸው። «ከወንበሩ አልተነሣሁም» ያልሽው ጋ ስደርስ የኤይናሪ ሚስት ተነሥታ እየሳቀች አጨበጨበች። ከባሏ ቀብር ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

እኔ ግፊቴ ወርዷል። ዳቦዬ ላይ አሁን የጥርስ ምልክት አይታይም፤ ቅቤ እንደ ቀለም ይቀባል እንጂ እንደ ልስን አይለሰንም። ያ ጢሙ ያልጠናው ዶክተር መንገድ ላይ አግኝቶኝ ባርኔጣውን አነሣልኝ፤ እኔም መሐረብ አነሣሁለት።

የወጡ አሠራር ከጀርባ አለ። ጨው እንዳትጨምር ሲርካን ጠብቂያት።

በበጋው ሐይቁ ላይ የትልልቅ ጀልባዎች ውድድር አለ። እስከ ዛሬ ከመንደራችን የሚቀዝፉት ወንዶች ብቻ ነበሩ። ዘንድሮ የሴቶች ጀልባ አስመዝግቤያለሁ። ኬርቱ ቀዛፊዎቹን በሙሉ ለክታ ፈቅዳለች። ዶክተርሽን ጠይቂያት፣ መጥተሽ ትቀዝፊ እንደሆነ።

አክስትሽ ሳይሚ


ጎተንበርግ፣ ሰኔ 9 ቀን 1974

ለእትዬ ሳይሚ፣

በጋው እንደ ልብዎ ይሁንልዎ። ዶክተሬ መቅዘፉን ለከርሞ አስተላልፋዋለች፤ መንገዱም ይቆይ ብላለች። አልቅሼ ተቀበልኩ። ግን አሁን ሥራ ተመልሻለሁ፣ ፎቁንም ሳላርፍ እወጣለሁ።

አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ይኩሩብኝ። ሥራ በገባሁ ሳምንት የስፌቱን ክፍል ሴቶች ሰብስቤ፣ ፊንላንዳዊቷንም ስዊድናዊቷንም ዩጎዝላቪያዊቷንም፣ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ሆነን የፋብሪካው ዶክተር ዘንድ ገባን። «ሁላችንንም ለካን» አልነው። ከወንበሩ ተነሥቶ ለእኔ ወንበር ሳበልኝ። እናቶቻችን በምን እንደሞቱም ከዚያን ቀን ጀምሮ እየጠየቀ ይጽፋል። ሁለት ሴቶች ወዲያው ሆስፒታል ተልከዋል።

ቀዝፉ እንግዲህ! ስለ ውድድሩ ምንም ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ።

ራይሊ


ኮይቩላህቲ፣ ሐምሌ 28 ቀን 1974

ለውድ ልጄ ለራይሊ፣

የሐይቁ ንፋስ የያዘውን ደስታ ሁሉ ይዞልሽ ይምጣ። ኮርቼብሻለሁ፤ መንደሩም ኮርቶብሻል። አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

መዳፌ ተልጧል፣ ትከሻዬ እንደ በር ይንቋቋል፤ ግን ቀዝፈናል! በስድሳ ሁለት ዓመቴ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ። የኤይናሪ ሚስት ከጎኔ ነበረች። ቀይ መሐረብ አስረን ገባን። አንደኛ ወጣን ብዬ አልዋሽሽም፤ ከኋላችን የነበሩት ሁለት ጀልባዎች ናቸው። ግን ሁለቱም የወንዶች ናቸው።

ልንጨርስ ስንል ከማዶ መንደር የመጣ ኦስካሪ የሚባል ሆዱ የገፋ ትራክተር ነጂ ዳር ቆሞ፣ «እናንት አሮጊቶች! ተመለሱ፣ ልባችሁ ይፈነዳል!» ብሎ ጮኸ።

መቅዘፊያዬን ሳላቆም፣ «የእኛ ልብ ተለክቷል! ያንተስ?» አልኩት። ዳር የቆመው ሕዝብ እንደ ነጎድጓድ ሳቀ። እሱም አብሮ ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም።

ሰኞ ጠዋት ኬርቱ ስትለካ እኔ ሰው አስገባለሁ። በሩ ተንኳኳ። ኦስካሪ ነው፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። ከኋላው ሚስቱ ቆማለች፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት፣ አንድ እጇ ጀርባዋ ላይ።

«ና ግባ፣ ክንድህን ዘርጋ» አልኩት።

አልገባም። ወደ ጎን ፈቀቅ አለና ሚስቱን በትከሻዋ ይዞ ወደ ፊት አቀረባት።

«መጀመሪያ እሷን ለኩልኝ» አለ።

አክስትሽ ሳይሚ